አስራ አራት ማሳ በኔ ጣሪያ ላይ

ውድ ኢስሃቅ፣

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። እንዲህ ያለው ስልኩ ነው። እኔማ በዚያ ሰዓት ከአጋሮ ወዲያ፣ ኦቦ ኸይሩ የቡና ማሳ ውስጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ገብቼ ቆሜያለሁ። ኧረ የጉድ ያለህ! ስልኩ ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ይህን ወረቀት ሳታነበው ብትቀደው አልፈርድብህም። ሰባት ወር ሙሉ ዘግቼህ ከርሜ ዛሬ ብድግ ብዬ “ውድ” ስልህ፣ “የምን ውድ?” ብትል እውነትህን ነው። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ከሥራ የወጣህበትን ምክንያት በስብሰባ ላይ ሰምተኸዋል። ዋናውን ግን ከኔ አፍ አልሰማኸውም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ውጭ ያሉት ገዢዎች “ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ ካላሳያችሁን አንገዛም” ያሉ ጊዜ፣ የቡና ገበሬዎች ዩኒየናችን ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ርካሽ ስልክ አስታቅፎ ወደ ገበሬው ላካችሁ። እናንተ የማሳውን ዳር እየዞራችሁ በየማዕዘኑ ነጥብ ትይዛላችሁ፤ እኔ ጅማ ቢሮ ቁጭ ብዬ የላካችሁትን አጣራለሁ። ያንተን ሥራ ሳጣራ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። “የኢስሃቅን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሳልፉት” እያልኩ ስንቱን ሰው አስቀንቼብሃለሁ።

አንድ ቀን “እሱባለው፣ ገጠር ስገባ ስልኩ ኔትወርክ እያጣ የቀኑን ሥራ በቀኑ መላክ አቃተኝ” አልከኝ። እኔ ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርቶ ሲያገለግለን የኖረ አንድ ፖኬት ዋይፋይ ነበር። የመስመር ኢንተርኔት ስላስገባን ፈላጊ አጥቷል። አምጥቼ ሰጠሁህ። “ኪስህ ውስጥ ከተህ ዙርበት፣ እሱ ይሻልሃል” አልኩህ። በገዛ እጄ ነው የሰጠሁህ፣ ኢስሃቅ! ይህን ሳስብ እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ከወር በኋላ በየቀኑ የላክህልኝን የአስራ አራት ገበሬ ማሳ መረጃ ላጣራ ተቀመጥኩ። ከፈትኩት። የሁሉም ማዕዘን፣ የአስራ አራቱም፣ አንድ ቦታ ላይ ተቆልሏል። የኮምፒዩተሩ ስህተት ነው ብዬ ዘግቼ ከፈትኩት። እዚያው ነው። ካርታውን ሳቀርበው አጋሮን ትቶ ወደ ጅማ ወሰደኝ፤ ሳቀርበው ቦሳ ኪቶ ገባ፤ ሳቀርበው ሰማያዊ የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ቆርቆሮ ጣሪያ መጣ። ያንን ታንከር ከአንተ ጋር አይደል እንዴ ትከሻችን እስኪላጥ ተሸክመን የሰቀልነው?

ሰዓቱን አየሁ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሁሌ ጧት። እኔ ቢሮ ነኝ። ሚስቴ ቆንጂት የከሰዓት ፈረቃ አስተማሪ ናት፤ ጧት ጧት ቤት ብቻዋን ናት።

በዚያ ላይ ደግሞ፣ ሰይጣን ሥራ አይፈታም፣ በዚያው ሳምንት ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ማሰሮ ማር አገኘሁ። “ከየት መጣ?” አልኳት። “ኢስሃቅ ነው፣ ከገጠር ሲመለስ በር ላይ ሰጥቶኝ ሄደ፤ አልገባም አለ” አለችኝ። ማሩን አልቀመስኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የጠረጠረም እንደሚመነጠር የነገረኝ ሰው የለም።

እዚያው ልጠይቅህ ይገባ ነበር። “ኢስሃቅ፣ ይሄ ምንድን ነው?” ብል የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። አልቻልኩም። ብጠይቅህና አዎ ብትለኝስ? ስለዚህ ፈሪ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ መረጃውን ለሥራ አስኪያጁ አስተላለፍኩና “ልጁ ማሳ ላይ አልሄደም፣ ከተማ ተቀምጦ ነው የሞላው” ብዬ ጻፍኩ። የማን ቤት እንደሆነ ግን አልጻፍኩም።

ስብሰባውን አንተም አትረሳውም። ሰላሳ ሰው ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራውና “ይሄ ቦሳ ኪቶ ነው። ኢስሃቅ፣ እዚህ ቤት ምን ትሠራ ነበር? ቤቱስ የማን ነው?” አለህ። አንተ ካርታውን አየህ። ታንከሩን አየህ። ከዚያ ዞረህ እኔን አየኸኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ “እስቲ ተናገር፣ ወንድ ከሆንክ” እያልኩ በሆዴ አፈጠጥኩብህ። አንተም ድምፅህ ሳይንቀጠቀጥ፣ “ማንም ቤት አልነበርኩም። ማሳው ላይ አልሄድኩም፤ ዝም ብዬ ነው የሞላሁት። ጥፋቱ የኔ ነው” ብለህ ስልኩንና ዋይፋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ወጣህ።

አለቀ። ለኔ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም። በራስህ አፍ አመንክ። ከሰዓት በኋላ ቁጥርህን ስልኬ ላይ ዘጋሁት።

ከቆንጂት ጋር እንዴት እንደኖርኩ ልንገርህ፤ ታፍርብኛለህ። አንድም ቀን አልተናገርኳትም። ወገቤን አሞኛል ብዬ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመርኩ። ስታወራኝ “እሺ”፣ ስትጠይቀኝ “እንጃ”። እሷ ምስኪን “የሰው ዓይን ነው” ብላ በየሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በጀሪካን እየያዘች ትመጣለች። እኔም ፊቷን እያየሁ፣ “አቤት ድፍረት!” እያልኩ በሆዴ፣ ጠበሏን እጨልጣለሁ። ሰባት ወር!

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ። አስራ አራቱ ማሳዎች እንደገና ሳይለኩ ቀርተው ነበር። መረጃው ለገዢዎቹ የሚላክበት ቀነ ገደብ ሲደርስ የሚሄድ ሰው ጠፋ፤ “እኔው ራሴ እሄዳለሁ” አልኩ። የመለስከውን ስልክ ያዝኩ። ዋይፋዩም ቤት ተመልሶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከርሞ ነበር፤ እሱንም ኪሴ ከተትኩና ተሳፈርኩ።

ኦቦ ኸይሩ በር ላይ ሆነው ተቀበሉኝ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ “ያ ልጅ የት ሄደ? ኢስሃቅ?” አሉኝ።

“ከሥራ ወጥቷል፣ ኦቦ” አልኳቸው። “እርስዎ ያውቁታል እንዴ?”

“ማል ጄታ! ምን ነካህ?” ብለው በከዘራቸው መሬቱን መቱ። “ማሳዬን የለካው እሱ አይደለም? ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ በሱ ምክንያት ከገበያ ቀርቻለሁ። ዝናቡ እየደበደበው አራቱንም ማዕዘን ዞሮታል። ‘እባክህ እስኪያባራ ግባና ተጠለል’ ብለው ‘የለም፣ አባባ፣ ሥራዬን ልጨርስ’ አለኝ። ማር ሰጠሁት፤ ‘ብቻዬን አልበላውም፣ ወንድም አለኝ’ ብሎ ይዞት ሄደ።”

ኢስሃቅ፣ ወንድም ያልከው እኔን ነው። ሽማግሌው ይሳሳታሉ፣ ከሌላ ሰው ጋር ነው የተምታታባቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አሁንም ልቤ አልተመለሰም፤ ልብ አድርግልኝ፣ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነኝ።

ከዋንዛው ጥላ ሥር ገባን። ቡናው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሰማይ አይታይም። የማሳ መለኪያውን አፕ ከፈትኩና ጠበቅሁ። ቁጥሩ አረንጓዴ ሆነ፤ “ትክክለኛነት ሃያ ሜትር” አለኝ። ጥሩ ነው ብዬ ነጥብ ያዝኩ። እናንተ ሥራችሁ ነጥብ መያዝ ስለሆነ ካርታውን ሳትከፍቱ ቁጥሩን ብቻ እንደምታዩ አውቃለሁ። እኔ ግን የአጣሪነት አመሌ አልለቀቀኝም፤ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ስላለው ካርታውን ከፈትኩት።

ሰማያዊ ታንከር።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ሰማያዊ ታንከር። ሃምሳ እርምጃ ሄጄ ሌላው ማዕዘን ላይ ያዝኩ። እዚያው ጣሪያዬ ላይ! ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቆንጂት ጋ ደወልኩ።

“ቆንጂት፣ ቤት ነሽ?”

“አዎ፣ ፈተና እያረምኩ ነው። ምነው?”

“እኔስ? እኔ ቤት ነኝ እንዴ?”

በቀስታ፣ “እሱባለው፣ አሁንስ አስፈራኸኝ። አጠገብህ ሰው አለ?” አለችኝ። ሰባት ወር እንዲህ በሚራራ ድምፅ ስታናግረኝ እንደነበረ ያኔ ገና ሰማሁት። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ኦቦ ኸይሩ “ያ ረቢ! ልጁ ወደቀ!” እያሉ ውሃ ሊያመጡልኝ ሮጡ፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው በኔ ምክንያት ሮጡ።

በማግስቱ ስልኩንና ዋይፋዩን ይዤ ሄርማታ ገበያ ሱሀይላ ጋ ገባሁ። ስልክ ጠጋኟን ታውቃታለህ፣ ሳትሰድብ የማትጠግነዋን። ነገሩን ነገርኳት፤ የቆንጂትን ነገር ዘልዬ።

“ስልክ የት እንዳለ በሁለት መንገድ ነው የሚያውቀው” አለችኝ። “አንዱ ከሰማይ ነው፣ በሳተላይት። ሌላው ዙሪያውን ያለውን ዋይፋይ አይቶ ነው። የትኛው ዋይፋይ የት ሰፈር እንዳለ ካርታ የሚሠሩት ሰዎች መዝግበው ይዘዋል። ያንተ ዋይፋይ ሁለት ዓመት ቤትህ ከተቀመጠ አድራሻው ቤትህ ነው። ከዚያ ኪስህ ከተህ ጫካ ብትወስደው እሱ ምን ቸገረው? ስልኩ ሳተላይት ሲያጣ ‘የት ነን?’ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ‘ቤት ነና!’ ይለዋል።”

“የሌሎቹ ልጆች ስልክስ ለምን አልተሳሳተም?”

“እነሱ የሚጠይቁት ዋይፋይ የላቸውማ! ሳተላይቱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የሱ ግን መልስ አገኘ፣ መጠበቁን ተወ።” ከዚያ ስልኩን አገላበጠችና ከቨሩን ፈልቅቃ አወጣች። ውስጡ ሞተር ሳይክል ላይ በማግኔት እንዲያዝ የተለጠፈች ስስ ብረት አለች። “ይሄን ደግሞ የትኛው ጅል ነው የገዛው? ርካሽ ስልክ ድሮም አቅሙ ደካማ ነው፤ ጀርባው ላይ ብረት ደፍታችሁበት ሳተላይት ከየት ይምጣለት?”

ጅሉ እኔ ነኝ። ለሰላሳ ስልክ ሰላሳ ከቨር መርጬ ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

ሱሀይላ ከሱቋ ጀርባ ሰማይ የሚታይበት ግቢ ይዛኝ ወጣች። ዋይፋዩን አጠፋች። ሎኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ስልኩ በየቦታው ዋይፋይ እየፈለገ ቦታ እንዳይገምት ዘጋችው። ሪስታርት አደረገችና “አሁን ዝም ብለህ ቁም፤ አራት ደቂቃ ታገስ። ገላጣ ላይ ሳተላይቱን አስይዘህ ነው ወደ ጥላው የምትገባው። ዋይፋዩን መረጃ ስትልክ ብቻ ክፈተው” አለችኝ። ቆምኩ። ስልኩ ሄርማታ አለኝ፣ ትክክለኛነት አራት ሜትር። ሰባት ወር የነደድኩበትን ነገር ሴትዮዋ አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው።

ከዚያ ሌላ ነገር ያዘኝ። አንተ ማሳው ላይ ነበርክ። ዝናብ እየደበደበህ ነበርክ። ታዲያ ለምን “አልሄድኩም” አልክ? ሰው ያላደረገውን፣ ያውም እንጀራውን የሚያሳጣውን ነገር፣ ሰላሳ ሰው ፊት ለምን ያምናል? ከሄርማታ ቦሳ ኪቶ በእግሬ ስሄድ ይህንኑ ብቻ ነበር የማስበው።

ማታ ቆንጂት ከትምህርት ቤት ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“ሰባት ወር” አለች። “እኔ ጠበል ሳመላልስ፣ አንተ ይሄን ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው የምትጠጣው?”

“ቆንጂትዬ...”

“ቆንጂትዬ አትበለኝ። የኔን ሂሳብ በኋላ እናወራርዳለን። አንተ ልጁን ከእንጀራው አፈናቅለኸዋል። መጀመሪያ እሱን ፈልገው።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እህትህ ጋ ሄድኩ። ኩልሱም በሩን ከፍታ እንዳየችኝ መልሳ ልትዘጋው ነበር፤ እግሬን አስገባሁ። እዚያው በር ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ስለ ዋይፋዩ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ክፉ ልቤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስትሰማኝ ፊቷ ላይ አንድም የሚገርማት ነገር አልነበረም። ያ ነው ያስፈራኝ።

“ኩልሱም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ” አልኳት። “ለምን አመነ?”

“ወላሂ፣ አንተ የምር አታውቅም?” አለችኝ። “ያን ቀን ቤት ገብቶ ያለኝን ልንገርህ። ‘ኩልሱሜ፣ ጣሪያው የእሱባለው ነው። እንዴት እዚያ እንደታየሁ አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ቤቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። አንድ ቃል ብከራከር ወደ ቆንጂት መምጣታቸው ነበር። የሰው ሚስት ስም ሰላሳ ሰው ፊት አይነሳም። አልሄድኩም ብያቸው ወጣሁ’ አለኝ።”

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኩልሱም ግን አልጨረሰችም ነበር።

“ተናድጄ ‘እሱባለውስ? እሱም ጠርጥሮህ ከሆነስ?’ አልኩት። ሳቀብኝ። ‘እሱባለው ያውቀኛል። ሰው ፊት መናገር አልቻለም እንጂ ዛሬውኑ ይደውላል’ አለኝ። ሦስት ቀን ስልኩን ከእጁ አላወረደም። ለስግደት ሲነሳ እንኳ እኔን ‘ያዥልኝ፣ ከደወለ አንሺው’ ይለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ራሱ ደወለልህ። አልገባለትም። ሁለት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ልብሱን ሸከፈና ቴፒ ሄደ።”

ኢስሃቅ፣ ምን ልበልህ? እኔ አፍጥጬ ያየሁህ ጊዜ አንተ ዓይኔ ውስጥ ወንድምህን ነበር ያየኸው። እኔ ሚስቴን ስጠረጥራት ስሟን የጠበቅህላት አንተ ነህ። እኔ የማውቅህ መስሎኝ አላወቅሁህም፤ አንተ ግን ያውቀኛል ብለህ ስልክ ይዘህ ተቀመጥክ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሥራውን ሌላ ሰው ይመልስልህ ይሆናል፤ እነዚያን ሦስት ቀናት ግን ማን ይመልስልሃል?

አዲሱን ቁጥርህን ለመንኳት፤ እምቢ አለች። “በስልክ የመጣውን አይተነዋል። በወረቀት ጻፍ፤ ቴፒ ለሚሄድ ሹፌር እሰጥልሃለሁ” አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሰላሳውንም ሰው አስጠርቻለሁ። ያንኑ ካርታ አበራለሁ። ስህተቱ የመጣው ከሰጠሁህ ዋይፋይና ካስገዛሁት ከቨር እንደሆነ፣ ጣሪያውም የኔ እንደሆነ፣ ሳልጠይቅህ እንደከሰስኩህ እናገራለሁ። ለቆንጂት “አንቺን ሳላነሳ መናገር የምችልበትን መንገድ እፈልጋለሁ” ብላት፣ “እሱ ስሜን የሸፈነው እንጀራውን ከፍሎ ነው። አንተ ደግሞ ሸፍነኸው እሱን ጥፋተኛ አድርገህ ልትተወው ነው?” አለችኝ። ራሷ መጥታ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ “ያ ቤት የኔ ነው፤ እኔ ቆንጂት ነኝ፤ ኢስሃቅ በሩን አልፎ አልገባም” ልትል ነው። ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር ትቀጥል አትቀጥል አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

አፉ በለኝ አልልህም፣ ገና ነኝ። መጀመሪያ ሰኞን ልወጣው። ቁጥርህን ከፍቼዋለሁ፤ ስልኬ ደግሞ ከእጄ አይወርድም። ሦስት ቀን አይደለም፣ እስክትደውል ድረስ እጠብቃለሁ። ባትደውልም እጠብቃለሁ።

እሱባለው
ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ